የተከሰሰው የውኃ ሣር

እኔ ነገር ፈላጊ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውጫሌ ላይ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሰው ነገር ቀኑን ሙሉ ስለሚፈስብኝ የራሴን ጨምሬበት አላውቅም። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ግን ለቅሶ ልደርስ ሐይቅ ከተማ ሄጄ፣ ከድንኳኑ ስወጣ ለመመለሻው መኪና ገና ጊዜ ነበረኝና እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ ዓሣውንም ሳልጎረጉር ዘንዶው ራሱ መጣልኝ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የበልጉ ዝናብ ካባራ ሳምንት አልሞላውም፤ የዳር ዳሩ ውኃ ጎመን የተቀቀለበት መስሎ አረንጓዴ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም የሞተ ቆሮሶ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። ያደግሁት አምባሰል ቢሆንም ሁለተኛ ደረጃን የተማርሁት እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን እስከ ደረታችን ገብተን የእግራችንን ጣት እንቆጥር ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚት እንኳ አይታይም። ተናደድሁ፤ የምናደድበት ሰው ግን በአጠገቤ አልነበረም።

ጥቂት ራመድ እንዳልሁ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በአንድ እጃቸው ማጭድ በሌላው መንሽ ይዘው ውኃ ውስጥ ቆመዋል። ከፊታቸው አንዲት ወጣት ሴት የደንገል ታንኳ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የታንኳውን ገመድ ክንዷ ላይ ጠቅልላዋለች።

«ውረጂ ብያለሁ!»

«አልወርድም።»

«ነጅዋ! ደቦ ጠርቻለሁ። ሃያ ሰው አሁን ሊመጣብኝ ነው። ኸሴት ልጅ ጋር ታንኳ ስጓተት ሊያዩኝ ነው?»

«ይዩን።»

ሰውየውን ስጠጋ አወቅኋቸው። አያ ኑርዬ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ፣ ዓሣም የሚያጠምዱ፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ። ከሁለት ዓመት በፊት የወሰን ክርክር ገጥሟቸው ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ። ልጅቱ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። እሳቸው አሳድገው ዩኒቨርሲቲ አድርሰዋታል፣ አሁን ባዮሎጂ ታስተምራለች። እሳቸውም እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«መምህር አስረስ! አላህ ነው ያመጣዎ። ይችን ልጅ አንድ በሉልኝ። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ዛሬ ታንኳዬን ቀምታኝ ቁጭ አለች።»

«ምን አድርገዋት ነው?» አልሁ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ።

«ምንም! እዚያ ኸመቃብሩ ሥር ያለውን ሣር በደቦ ልንነቅል ነው፣ ይኸው ነው።»

በማጭዳቸው ወደ ግራ አመለከቱኝ። ከእሳቸው ሽንኩርት ማሳ አልፎ አንድ ቁጥቋጦ የበዛበት ተዳፋት አለ፤ የድሮ ሸህ የተቀበሩበት፣ የመንደሩም መቃብር የሆነ ቦታ ነው። ከተዳፋቱ በታች ሐይቁ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ትንሽ ጉንጭ ሠርቷል። ከዚያ ጉንጭ ውስጥ፣ ከውኃው ሥር፣ ለምለም ሣር ሲወዛወዝ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ሌላው ዳርቻ ሁሉ ጭቃና አረንጓዴ ውኃ ብቻ ነው።

«ሣሩ መረባችንን እየያዘ ይቀዳደዋል» አሉ አያ ኑርዬ። «ይበሰብስና ይሸታል፣ ዓሣውንም ይገድላል። ኸዚህ በፊት በሌላው ዳር የነበረው በስብሶ አለቀ፤ ያ ብቻ ቀርቷል። ዛሬ እሱን ነቅለን ኸጣጣልን ሐይቁ ይጸዳል ብለን ተማክረናል።»

«እሱ ከተነቀለ በዚህ ዳር ዓሣ የሚባል ነገር አይኖርም» አለች ነጅዋ። «አልጋውን እያፈረሱ ነው ልጆቹን የሚጠብቁት።»

«ሰሟት? ሣሩን እንደ ዘመድ!» አያ ኑርዬ ሳቁ፤ ግን የተናደደ ሰው ሳቅ ነው። «ሣር ጠበቃ አለው እንዴ?»

«አለው። እኔ ነኝ።»

እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በሸንጎ ተከራክሮ የሚረታቸው አልነበረም አሉ። ዓይናቸው በራ። ማጭዱን ብብታቸው ሥር ሻጡት።

«ጠበቃ ኸሆንሽ ዋስ ጥሪ!»

«ዋሴ ይህችው ታንኳ ናት። ከተሸነፍሁ ራሴ ቀዝፌ መቃብሩ ሥር አደርስዎታለሁ፤ ማጭድም ይዤ ከሁሉ ቀድሜ አጭዳለሁ። ካሸነፍሁ ግን አንዲት ዘለላ አትነቀልም።»

«ዳኛስ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ለመንሁ። አያ ኑርዬ፣ «መኪና ሌላ ይመጣል፤ ሐቅ ግን ሁልጊዜ አይመጣም» አሉኝና አንድ ድንጋይ አመለከቱኝ። ተቀመጥሁ። የሣር ዳኛ ሆንሁ ማለት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁት ለዚህ ኖሯል።

«በይ ልበልሽ!» አሉ አያ ኑርዬ መንሹን እንደ ከዘራ ተደግፈው። «አንደኛ፣ ሣርሽ መረቤን ያዘ። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀዶብኝ ሰፍቻለሁ። ይኸን ትክጃለሽ?»

«አልክድም። መረቡ ከሣሩ ዳር ተይዟል። ግን መረቡን ወደዚያ ማን ወሰደው? ሣሩ ወደ ቤትዎ መጥቶ ነው የቀደደው?»

«እኔ ነኛ የወሰድሁት።»

«ለምን? ሐይቁ ሰፊ ነው። ሣር የሌለበት ዳርቻ ሞልቷል፤ መረብዎ ሳይነካ ጥለውት ይመለሱ ነበር።»

አያ ኑርዬ መንሹን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያም፣ «ባዶ ውኃ ላይ መረብ ምን ሊያወጣ ይጣላል?» አሉ እየተነጫነጩ።

«ዳኛው ይመዝግቡልኝ» አለች ነጅዋ።

ወረቀት አልያዝሁም ነበር፤ ሆኖም መዘገብሁ።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ!» አሉ ሽማግሌው። «ሁለተኛውን ክስ ስሚ። ሽታው ምንድን ነው? የሚበሰብሰው ሣር አይደለም? እኔ በአፍንጫዬ ነው የምመሰክረው።»

ነጅዋ ከታንኳዋ አልወረደችም፤ ጎንበስ ብላ ትናንት አያ ኑርዬ ለሙከራ ነቅለው ዳር ላይ ከጣሉት ክምር ሁለት ዘለላ ሳበች። አንደኛው ከሽንኩርታቸው ማሳ ፊት ለፊት ከቀረው ብስባሽ የተነቀለ ነው፣ ሁለተኛው ከመቃብሩ ሥር። የመጀመሪያው ቅጠሉ በሙሉ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሷል። በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከሥሩ ያለው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ሞቷል፣ በጣቷም ላይ ብጥስጥስ አለ። ሁለተኛውን ጠረገችው፤ ንጹሕ ነው፣ ሲታጠፍ ይመለሳል።

«አባ፣ ይህን ዝልግልግ ያውቁታል?»

«የውኃ እድፍ ነው።»

«እኛ አልጌ እንለዋለን። ሕይወት አለው፤ ይበላል፣ ይራባል። በዚህ ሣር ላይ ተጋድሞ ፀሐዩን ከለከለው፤ ውኃውም ላይ ተንሳፍፎ ጣራ ሆነበት። ሣሩ በጨለማ ታፍኖ ሞተ፣ ከሞተ በኋላ ሸተተ። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ሰው አፉና አፍንጫው ታፍኖ ሞቶ ቢያገኙት፣ ሬሳውን ለምን ሸተትህ ብለው ይከሱታል? ሟቹ ተከሶ ቆሟል፤ ገዳዩ በነጻ እየሄደ ነው።»

እንዲህ ብላ፣ የድሮውን የሸንጎ ደንብ ላለማጓደል ይመስለኛል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«ውኃው ሸተተ ብለው ሣሩን ከሰሱት፣
ከላይ የወረደውን ሳይመረምሩት!»

አያ ኑርዬ ሳያስቡት «እሰይ!» ብለው ወዲያው ተቆጡ። የራሳቸው ክስ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ነው።

«ኸላይ ምን ወረደ? ኸላይ የኔ ሽንኩርት ነው ያለው!»

«አዎ።»

«ገዳዩ እኔ ነኝ ልትዪ ነው?»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከዚህ ዳር ያለነው ሁላችን ነን። የምንበትነው ማዳበሪያ ነው፣ ከብቶቻችን ከውኃው አፍ ላይ የሚጥሉት ፋንድያ ነው። ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይገባል።»

እዚህ ላይ አያ ኑርዬ ከውኃው ወጡ። በባዶ እግራቸው እየተራመዱ ታንኳዋ አፍንጫ አጠገብ ቆሙ። መልካቸው ተለውጧል።

«እንደው በአላህ፣ መምህር፣ ይኸ ፍርድ ነው? እኔ ማዳበሪያ ፈልጌ ነው የጀመርሁት? መጥተው ሰበሰቡን። ጨምሩ አሉን። ያልጨመረ ገበሬ ሰነፍ ነው ተባልን። አባቴ ፍግ ነበር የሚበትነው፤ ፍጉም አልበቃ፣ መሬቱም ደከመ። ጨመርሁ፤ ሽንኩርቱ አማረ። አሁን ደግሞ የተማረ መጥቶ ጥፋተኛ ነህ ይለኛል። ትናንት ጨምር፣ ዛሬ ቀንስ! ገበሬ እኮ አፈር አይደለም፣ በየጊዜው የሚገለበጥ!»

እኔም በክፍል ውስጥ ማዳበሪያ የልማት በር ነው ብዬ አስተምሬ አውቃለሁ፤ ሐይቁን በዚያ ትምህርት ውስጥ አንድም ቀን አንሥቼው አላውቅም። ዳኛ ባልሆን ኖሮ ከሳቸው ጎን እቆም ነበር።

ነጅዋ ግን አልራራችም። ወይም ራርታ አላሳየችም።

«ትክክል ነዎት፤ የነገሩዎት ግማሹን ነው የነገሩዎት። ግማሹን እኔ ልጨርስልዎ ነው እንጂ ሽንኩርት አይትከሉ አላልሁም።»

«ደግሞስ» አሉ አያ ኑርዬ፣ አሁን ያገኟት መከራከሪያ ፊታቸውን እያበራችው፣ «ማዳበሪያ የሚያበቅል ነገር ነው አይደል? ሽንኩርቴን ያበቅላል፣ ጤፉን ያበቅላል። ሣሩስ ሣር አይደለም? ማዳበሪያ ቢደርሰው ይፋፋል እንጂ እንዴት ይሞታል? በይ መልሺ!»

ይህን ጊዜ እኔም ወደ ነጅዋ ዞርሁ። የአያ ኑርዬ ጥያቄ ጠንካራ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ነጅዋ ፈገግ አለች። «የጤፍ ማሳዎ አረሙ ሳይነቀል ማዳበሪያ ቢበትኑበት ማን ቀድሞ ይነሣል?»

አያ ኑርዬ ጭቃውን በመንሹ መውጋት ጀመሩ።

«አባ፣ ገበሬው እርስዎ ነዎት፤ እኔን አይጠብቁ።»

«አረሙ» አሉ አያ ኑርዬ ወደ ጎን እያዩ።

«ከአረም ሥር የቀረ ጤፍስ ምን ይሆናል?»

«ይገረጣል። ይሞታል።»

«ውኃ ውስጥም እንዲሁ ነው። አልጌው ሥር የለው፣ ግንድ የለው፣ ማዳበሪያ በደረሰው በሁለትና በሦስት ቀን እጥፍ ድርብ ሆኖ ይወፍራል። ሣሩ ዘገምተኛ ነው፤ ከታች ሆኖ ፀሐይ ይጠብቃል፤ ጣራው ተዘግቶበታል። የሞተው ሣር ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ከውኃው ውስጥ ይጨርሰዋል። የሞተ ዓሣ የሚያገኙት መቼ ነው?»

«ሱብሂ ሰግጄ ስወርድ። ጎሕ ሲቀድ።»

«አየሩ በጣም የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ከወጣ አረንጓዴ ነገር ሁሉ መልሶ አየር ይሠራል፤ ሌሊቱን ግን ሁሉም በላተኛ ነው። ሣሩ የሞተበት ጭቃም የሚይዘው ሥር ስለሌለ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይታመሳል፤ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከደፈረሰ የቀረውም ሣር ፀሐይ ያጣል። አንዱ አንዱን እየጎተተ ይወስደዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰሙም?»

አያ ኑርዬ ጢማቸውን መንቀስ ጀመሩ። ነገር የገባው ሰው እንዲህ ነው፤ ሽንፈቱን ለማዘግየት ብዙ ሥራ ይፈጥራል።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ይኸ ሁሉ ቢሆን፣ ለምን የመቃብሩ ሥር ሣር አልሞተም? ያው ሐይቅ፣ ያው ውኃ ነው። እኔ ልንገርሽ፣ የሸሁ በረካ ነው! ሸሁ ይጠብቁታል። እኛም ብንነቅለው አይቆጡም፤ መልሰው ያበቅሉታል።»

«እኔም በረካ ነው እላለሁ» አለች ነጅዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን በረካው በምን መንገድ መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ያንን ተዳፋት ሰው አርሶት ያውቃል?»

«አዑዙ ቢላህ! መቃብር ማን ያርሳል!»

«ማዳበሪያስ የበተነበት?»

«የለም።»

«ከብት ያሰማራበት፣ ቁጥቋጦውን የመነጠረ?»

«ሸሁን አክብረን እንዴት ይደረጋል!»

«በቃ። ሸሁን አክብራችሁ እስከ ውኃው ሳታርሱ የተዋችሁት ብቸኛ ዳርቻ ያ ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ቁጥቋጦው ውስጥ ይገባል፣ ደለሉን እዚያ ይጥላል፣ ማዳበሪያውን የቁጥቋጦው ሥር ይጠጣዋል፤ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው የተጣራው ነው። ስለዚህ ሣሩ ፀሐይ አላጣም። ዓሣውም ጫጩቶቹን እዚያ ይደብቃል። ይህን ያደረገው አክብሮታችሁ ነው። ዛሬ ደግሞ በዚያው እጃችሁ የሸሁን ጎረቤት ልትነቅሉ መጣችሁ!»

ከዚያ ነጅዋ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቀች፤ ጠበቃ የሆነ ሰው እንዲህ ያለችውን ለመጨረሻ ያስቀምጣል።

«ሦስት ዓመት ሆነ፣ አባ፤ ቤት ይዘው የገቡት ዓሣ ከየት ወጣ?»

አያ ኑርዬ ወደ መቃብሩ ዞሩ። «ኸመቃብሩ ዳር» አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ወላሂ ሁሉም።»

እኔም ከድንጋዬ ተነሥቼ ሣሩን በነጻ አሰናበትሁ። አያ ኑርዬ፣ «የመንግሥት ዳኛ ቢሆኑ ይግባኝ እል ነበር» አሉኝ። ግን ማጭዱን ከብብታቸው አውጥተው ሣሩ ክምር ላይ ጣሉት። ነጅዋ ያን ጊዜ ነው ከታንኳዋ የወረደችው፤ እግሯ ደንዝዞ ልትወድቅ ስትል እሳቸው ደገፏት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መኪናዬን እደርስበት ነበር። ሆኖም ደቦው መጣ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ማጭድና መንሽ ተሸክመው እየተሳሳቁ ወረዱ። ከፊት ምንይችል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የአያ ኑርዬ የማሳ ጎረቤት፣ ጎበዝ፣ አፈኛ። የሣር ነቀላውንም ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣው እሱ ነው።

«አያ ኑርዬ፣ ኸየት እንጀምር?»

አያ ኑርዬ መልሰው ወደ ውኃው ገቡ። እስከ ወገባቸው ገቡና ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግተው ቆሙ።

«ሣሩ አይነቀልም።»

«ምን?»

«አይነቀልም አልሁ። የሚነቅል ካለ መጀመሪያ እኔን ይንቀል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አያ ኑርዬም የሰሙትን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር፣ አረምና ጤፉን እየጠቀሱ፣ አንዳንዱን ከነጅዋ በተሻለ ነገሯቸው። ግማሹ አዳመጠ፣ ግማሹ ሣቀ። ምንይችል መንሹን መሬት ላይ ተከለ።

«አያ ኑርዬ፣ አፉ ይበሉኝና፣ በሴት ልጅ ተመክረው ነው ይኸን የሚሉት?»

«ተመክሬ አይደለም፤ ተከራክሬ ተሸንፌ ነው! ወንድ ካለህ አንተ አሸንፋት፣ ይኸዋት ቆማለች።»

ምንይችል ነጅዋን አያት፤ እሷም አየችው። አልሞከረም። ሌላ በር ፈለገ።

«እሺ፣ ሣሩ ይቅር። ግን ሃያ ሰው የራሱን ሥራ ትቶ መጥቷል። ደቦ ተጠርቶ ባዶ እጁን ሲመለስ የት ታይቷል? ነገ እርስዎ ሲጠሩ ማን ይመጣል?»

ይህ ከሣሩ ሁሉ የከበደ ነገር ነበር። በዚያ አገር ደቦ ጠርቶ ሥራ የለም ብሎ መመለስ ሰውን መናቅ ነው፤ የናቀ ደግሞ ክረምት ሲገባ ብቻውን ይቀራል። ሁሉም ወደ አያ ኑርዬ ዞሩ።

ሽማግሌው ውኃው እየተንጠፈጠፈባቸው ወጡ። ከውኃው አፍ ጀምረው ወደ ሽንኩርታቸው መራመድ ጀመሩ፤ ጮክ ብለው እየቆጠሩ። አሥራ አምስት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሽንኩርቱ ለምለም ነው፣ ከሥሩ ያለው ኮረቱ ገና እንደ አውራ ጣት ነው። ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉና ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ሥራ አለ! ኸዚህ እስከ ውኃው ያለው ሽንኩርት ይነቀል። በቦታው ሰንበሌጥ ይተከላል፣ ውኃው አፍ ላይ ደንገል።»

«አባ!» ነጅዋ ሮጣ እጃቸውን ያዘች። አሁን የምትለምነው እሷ ሆነች። «ይህ አይደለም ያልሁዎት! ይድረስ፣ ይሰብሰብ፤ ሁለት ወር ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ይተዉታል።»

«ኸሁለት ወር በኋላ ክረምት ነው። ጎርፉ ሊጠብቀኝ ነው? ሰንበሌጡ ሥር ካልያዘ ምን ያጣራል?»

«ድካምዎስ? ምርጡ መሬትዎ እኮ ነው!»

«ምርጥ የሆነውማ ሐይቁ ሲሸሽ ተከትዬ ስለያዝሁት ነው። የሱ ነው፤ እመልስለታለሁ። አንቺ የፈረድሽውን አታላዝቢብኝ፣ ልጄ።» ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ያረሳችሁት ማሳችሁ ነው፤ ትተዉ ዘንድ አላዛችሁም። እኔ ግን ኸዛሬ ጀምሬ ማዳበሪያዬን ዝናብ ሊመጣ ሲል አልበትንም፤ ኸሥሩ እየቀበርሁ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሁ እሰጣለሁ። ከረጢቱንም ሐይቅ ውስጥ አላጥብም፤ ከብቴም ውኃ ገንዳ ውስጥ ይጠጣል። ሞኝ በሉኝ። ሞኝ ያለኝ ሁሉ የሚበላው ዓሣ ኸየት እንደወጣ ያስብ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኛ ግን ኸበሬውም ባስን፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆመን ሣሩን ልንነቅል ነበር!»

ማንም ሳያዝ አንዲት ዑምኩልሱም የሚሏት አሮጊት ጎንበስ ብላ ነቀለች። ከዚያ ሌላው። ያ ደቦ እስከ እኩለ ቀን ሽንኩርት ሲነቅል ዋለ፤ ዘፈን አልነበረም። እኔም ኮቴን አውልቄ ነቀልሁ። ምንይችልም ነቀለ፤ ደቦ ነውና። ሲጨርስ ግን በሬዎቹን የሚያዞርበትን የራሱን ማሳ እስከ ውኃው ድረስ እያየ፣ «እኔ አንዲት ስንዝር አልለቅም» ብሎ በግልጽ ተናገረ። አያ ኑርዬም «መብትህ ነው» አሉት።

ዘንድሮ ሚያዝያ ያን ጊዜ ለቅሶ የደረስሁትን ቤተሰብ ለዓመት መታሰቢያ ስጠይቅ ዳግም ወረድሁ። ምክር የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ሐይቁ ዳነ ብሎ እንዲደመድም ይጠበቅበታል። ሐይቁ አልዳነም። አርባ ዓመት የገባበት በአንድ ዓመት አይወጣም፤ ሌላው ዳርቻ አሁንም ይሸታል። ከአያ ኑርዬ ፊት ለፊት ግን ውኃው ጠራ ብሏል። የመቃብሩ ሥር ሣር ከወሰኑ አልፎ ሁለት ታንኳ ያህል ወደ እሳቸው ዳር ተስፋፍቷል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ በቅጠሎቹ መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑ የዓሣ ጫጩቶች ይሯሯጣሉ። ሰንበሌጡ ጎርፉን ይዞ ደለሉን አስቀርቷል፣ በጋውን ላማቸውን መግቧል። የቀረው ሽንኩርት ማዳበሪያው ሳይታጠብበት ስለሚቀር በግማሽ ከረጢት ያንኑ ያህል እንደሚሰጣቸው ነገሩኝ። ሌሎች ስድስት ሰዎችም ዳር ዳራቸውን ለቀዋል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ብጨምር እዋሻለሁ። አንባቢዬ ማሳው ከወንዝ ወይም ከሐይቅ የሚዋሰን ከሆነ አሥራ አምስት እርምጃውን ዛሬ ይቁጠር፤ ጎርፍ ቀጠሮ አይቀበልም።

የምንይችል ታንኳ ከአያ ኑርዬ ሣር ዳር ታስራ አየኋትና ተገረምሁ።

«እዚህ ነው የሚያጠምደው?» አልኋቸው። «አይከለክሉትም?»

«ለምን እከለክለዋለሁ? ዓሣ ወሰን የለውም፤ ይብላ። ብቻ በየጠዋቱ ሲመጣ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ያንተ ዳር ምን ሆነ? እለዋለሁ። አይመልስልኝም። እኔም አልተውም፤ እስኪመልስ እጠይቀዋለሁ። ኸሞትሁም ነጅዋ ትጠይቀዋለች።»

ባለፈው ሳምንት ነጅዋ ለጉዳይ ውጫሌ መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቁጭ ብላ የሆነውን አጫወተችኝ። ምንይችል አሁንም በቃሉ አልመለሰም አለች። በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ግን፣ ውኃው ጋ ሊደርስ አሥራ አምስት እርምጃ ሲቀረው፣ ሞፈሩን አዞረ።